የተበጠሰ ጅማትና የቤተ ሰብ ትዕግሥት

ሰው ጤነኛ ሳለ ጉልበቱን አያስታውሰውም። ሲነሣ ይነሣበታል፥ ሲሰግድ ይንበረከክበታል፥ ሸክም ሲያነሣ ይጸናበታል፤ ነገር ግን ይህን ሁሉ አገልግሎት ሲቀበል ምስጋና አያቀርብለትም። በቋንቋችን «ጉልበት» የሚለው ቃል የአካል ክፍልም የኀይልም ስም መሆኑ በከንቱ አይደለም። አባቶቻችን የሰው ብርታት በዚህ መታጠፊያ ላይ መጽናቱን ዐውቀው የሰየሙት ይመስለኛል።

እኔ በአሶሳ ከተማ መምህር ነኝ። በልጅነቴ በዲቁና አድጌ፥ ኋላም በዘመናዊው ትምህርት ቤት ተምሬ፥ እነሆ ከሃያ ዓመት በላይ ጠመኔ ይዤ ቆሜአለሁ። ሥራዬ በመቆም፥ ጸሎቴም በመቆምና በመስገድ ነውና፥ በ2015 ዓ.ም. የቀኝ ጉልበቴ ጅማት በተበጠሰ ጊዜ የታወከው እግሬ ብቻ ሳይሆን ኑሮዬ ሁሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባቸው ሰዎች እየመጡ ይጠይቁኛል፤ አንዱ ልጁ ኳስ ሲጫወት ወድቆበት፥ ሌላው ከባጃጅ ተገልብጦ፥ ሌላይቱም በክረምት ጭቃ አዳልጧት። ለእያንዳንዳቸው የነገርሁትን በአንድነት ብጽፈው ለብዙ ቤተ ሰብ ይጠቅማል ብዬ ይህን አቀረብሁ። ፍሬ ነገሩም ይህ ነው፦ በዚህ ጉዳት የሐኪሙ ሥራ የሁለት ሰዓት፥ የሕመምተኛውና የቤተ ሰቡ ሥራ ግን የዓመት ያህል ነው፤ ሕመሙ መጥፋቱም መዳን አይደለም።

በመጀመሪያ የጉልበትን አሠራር በአጭሩ መረዳት ያስፈልጋል። ጉልበት የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት የሚገናኙበት፥ ከፊቱም ሎሚ የተባለችው ትንሽ አጥንት የምትጠብቀው መታጠፊያ ነው። አጥንትን ከአጥንት የሚያስተሳስሩት ዋና ዋና ጅማቶች አራት ሲሆኑ፥ ሁለቱ በግራና በቀኝ ጎን፥ ሁለቱ ደግሞ በመገጣጠሚያው ውስጥ አንዱ በሌላው ላይ በመስቀል አምሳል ተላልፈው ይገኛሉ። ስለዚህም መስቀለኛ ጅማቶች ይባላሉ። ከእነዚህም የፊተኛው ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና ጉልበት ያለ ልክ እንዳይጠማዘዝ የሚይዝ ነው። በሁለቱ አጥንቶች መካከልም በቅርጻቸው ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ፥ እንደ ትራስ ሆነው ጫናውን የሚያበርዱ ሁለት ለስላሳ ክፍሎች አሉ፤ ሜኒስከስ ይባላሉ። የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ሲበጠስ ብዙ ጊዜ እነዚህም አብረው ይቀደዳሉ።

ይህ ጅማት የሚበጠሰው በመመታት ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ማንም ሳይነካው ነው፤ ሯጭ በድንገት ሲቆም፥ ዘልሎ ሲያርፍ፥ ወይም እግሩ በመሬት ላይ እንደ ተተከለ አካሉ ሲዞር። የእኔም እንዲሁ ነበር። በጥቅምት ወር በትምህርት ቤታችን ሜዳ መምህራንና ተማሪዎች ኳስ ስንጫወት፥ ለማቀበል ዘወር ስል ጫማዬ ሣሩን ይዞ ቀረ፤ ከጉልበቴም ውስጥ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ያለ ድምፅ ሰማሁ። ሳይመሽም አበጠ። ድምፅ መሰማቱ፥ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማበጡ፥ ከዚያም በኋላ እግር የሚከዳ መሆኑ የዚህ ጉዳት ምልክቶች ናቸው። እብጠቱም የሚመጣው የተበጠሰው ጅማት ወደ መገጣጠሚያው ውስጥ ስለሚደማ ነው።

ይሁን እንጂ ጉልበት ባመመ ቁጥር ጅማት ተበጥሷል ማለት አይደለም። ታላቁ ሯጫችን ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በጥቅምት 2003 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ማራቶን በጉልበቱ ሕመም ምክንያት ውድድሩን አቋርጦ፥ በዚያው ቀን ከሩጫ መሰናበቱን ተናግሮ፥ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሐሳቡን መለወጡ ይታወሳል። የእርሱ ሕመም መቆጣትና ውኃ መቋጠር ስለ ነበረ በተከታዩ ዓመት ወደ ሩጫ ተመልሷል። እንግዲህ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማወቅ የሕክምናው ሁሉ መጀመሪያ ነው።

በተጎዳሁበት ምሽት እናቴ «ልጄ፥ ወጌሻ ይጠራልህ» አለችኝ። እናቶቻችን ለእንዲህ ያለ ሕመም አስቀድመው የሚያውቁት ደጅ ይህ ነው። እኔም «እማዬ፥ መጀመሪያ ራጅ ልነሣና አጥንቱ ይታወቅ» ብላት እሺ አለችኝ። የወጌሻን ጥበብ አልንቅም፤ የወለቀ ትከሻ መልሰው ሕመምተኛውን ያሳረፉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን መስቀለኛው ጅማት ያለው በመገጣጠሚያው ጥልቅ ውስጥ ስለሆነ እጅ አይደርስበትም፥ ማሸትም አያገናኘውም። በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ፈሳሽ በተበጠሰው ጫፍ ላይ ደም እንዲረጋ ስለማይፈቅድ፥ እንደ ቆዳ ቁስል በራሱ የሚገጥመው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ያበጠ ጉልበትን ማሸት እብጠቱን ያብሰዋል፤ አጥብቆ ማሰርም ደም ያግዳል። በጠበቀ ማሰሪያ ምክንያት ደም ታግዶ እግራቸው የተቆረጠ ሕሙማን በአገራችን ሆስፒታሎች ታይተዋል። ስለዚህ የታሰረ እግር ቢደነዝዝ፥ ቢቀዘቅዝ፥ ወይም ጣቶቹ ቢጠቁሩ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፥ ሕመምተኛውም ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

በማግሥቱ በአሶሳ ጠቅላላ ሆስፒታል ራጅ ተነሣሁ፤ አጥንቴ ደኅና ነበር። ራጅ ግን አጥንትን እንጂ ጅማትን አያሳይም። ሐኪሙም ጉልበቴን ጥቂት አጥፎ፥ በአንድ እጁ ጭኔን ይዞ፥ በሌላው ቅልጥሜን ወደ ፊት ሳበና የጤነኛውን እግሬን ከታመመው ጋር አስተያየ። ይህ ምርመራ በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ ይሠሩ በነበሩት በዶክተር ጆን ላክማን ስም የሚጠራ ሲሆን፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ተጽፎ ከወጣ ወዲህ በመላው ዓለም ይሠራበታል። ከሠለጠነ እጅ በቀር መሣሪያ አይሻም። ከዚያ በኋላ ጅማቱንና ሜኒስከሱን አጥርቶ የሚያሳየውን ኤም. አር. አይ. የተባለውን ምርመራ ለማድረግ ወደ አዲስ አበባ ተላክሁ። ከአሶሳ አዲስ አበባ በባምባሲ፥ በመንዲ፥ በጊምቢና በነቀምት በኩል ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚያ ዓመት የመንገዱ ጸጥታ የታወከ ስለ ነበር በአውሮፕላን ሄድሁ።

ምርመራው መበጠሱን አረጋገጠ። ያዩኝ የአጥንት ሐኪም ግን ወዲያው ቀዶ ጥገና አላዘዙልኝም። «መምህር፥ ቢላዋ ለማንሣት አንቸኩል። ሦስት ወር ጡንቻዎን በእንቅስቃሴ ያበርቱ፤ ጉልበቱ ቢታመንልዎ ይተርፋሉ፥ ቢከዳዎ ይመለሳሉ» አሉኝ። ይህ ምክር መሠረት ያለው ነው። በስዊድን አገር ጅማታቸው የተበጠሰ 121 ወጣቶች በሁለት ተከፍለው፥ 62ቱ ፈጥነው ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፤ 59ኙ ደግሞ አስቀድመው በእንቅስቃሴ ብቻ ታከሙ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 የታተመው ውጤት እንዳስረዳው፥ ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱ ወገኖች በጤናቸው ልዩነት አልታየባቸውም። ከ59ኙ መካከል ኋላ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው በሁለት ዓመት 23፥ በአምስት ዓመት ደግሞ 30 ነበሩ። እንግዲህ ግማሽ ያህሉ ያለ ቢላዋ ኖረዋል ማለት ነው። ነገር ግን ጉልበቱ ደጋግሞ የሚከዳው ሰው በከዳው ቁጥር ሜኒስከሱ እየተቀደደ፥ የአጥንቱም ሽፋን እየተላጠ ስለሚሄድ፥ ለእንዲህ ያለው ቀዶ ጥገና ይሻለዋል።

እኔም የታዘዝሁትን ሦስት ወር ሳላጎድል ፈጸምሁ። በጥር ወር ግን በጥምቀት ታቦት አጅበን ስንመለስ ቁልቁለት ላይ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ከዚያም በዚያው ወር በክፍል ውስጥ ከሰሌዳው ዘወር ስል ደግሞ ከዳኝ። በየካቲት ወደ አዲስ አበባ ተመለስሁ።

የተበጠሰው ጅማት ተሰፍቶ ጸንቶ የሚቆየው ጥቂት ጊዜ ነው። በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ሜዮ ሮብሰን የተባሉ ሐኪም በ1895 የአንድ ማዕድን ቆፋሪን ጅማት ሰፍተው ነበር፤ በ1917 ደግሞ ሄይ ግሮቭስ የተባሉት ከጭን ሽፋን ወስደው አዲስ ጅማት እስከ መሥራት ደረሱ። የዛሬውም ሥራ በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ከሕመምተኛው ከራሱ አካል ጅማት ተወስዶ፥ በጭንና በቅልጥም አጥንት ውስጥ በተበሳ ቀዳዳ ተሳልፎ፥ በቡሎን ወይም በትንሽ መያዣ ይታሰራል። ለዚህም ጉልበትን ሰንጥቆ መክፈት አያስፈልግም፤ የጃፓኑ ሐኪም ማሳኪ ዋታናቤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ባሻሻሉት የመገጣጠሚያ መመልከቻ መሣሪያ በትንንሽ ቀዳዳ ይሠራል።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ሐኪሙ «መምህር፥ ሲጸልዩ ይንበረከካሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው እንግዳ ሆነብኝ፤ ምክንያቱን ሲነግሩኝ ግን አመሰገንኋቸው። የሚተከለው ጅማት ከሎሚው በታች፥ ከሎሚው በላይ፥ ወይም ከጭን በስተኋላ ሊወሰድ ይችላል። ከሎሚው በታች የተወሰደ እንደ ሆነ ጽኑ ነው፤ ነገር ግን ብዙዎች ኋላ ሲንበረከኩ ያማቸዋል። ለሚሰግድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ለእኔ ከጭን በስተኋላ ተወሰደልኝ። አንባቢ ሆይ፥ እርስዎ ወይም ልጅዎ ለዚህ ሕክምና ቢቀርቡ፥ ሐኪሙ ባይጠይቅ እንኳ «ስግደት አለብኝ፥ ቆሜም አስቀድሳለሁ» ብለው አስቀድመው ይንገሩ። ገበሬ ከሆኑም ማረሻ መያዝዎን፥ ወለል ላይ ተንበርክከው የሚሠሩም ከሆነ ሥራዎን ይንገሩ።

ቀዶ ጥገናው በወገብ ማደንዘዣ ተሠርቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ አለቀ። ዋናው ሥራ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሜ ያዘዙልኝን በየወራቱ ከፍዬ እነግራችኋለሁ፤ የእያንዳንዱ ሕመምተኛ ትእዛዝ ግን፥ ይልቁንም ሜኒስከሱ ለተሰፋለት፥ ልዩ ልዩ መሆኑ አይዘንጋ።

1ኛ/ የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት እብጠትን የማጉደልና ጉልበትን ፈጽሞ የመዘርጋት ጊዜ ነው። ሰው ሲታመም ጉልበቱን አጥፎ፥ ከሥሩ ትራስ አድርጎ መተኛት ይወድዳል፤ ይህ ግን ጉልበቱን እንደ ታጠፈ ያደርቀዋል። ስለዚህ የተጠቀለለ ጋቢ ከጉልበት ሥር ሳይሆን ከተረከዝ ሥር ይደረግ ነበር። የጭን ጡንቻን ማጥበቅና መልቀቅ፥ እግርን ዘርግቶ ማንሣትም በቀን ብዙ ጊዜ ይደገማል። ትኩሳት ቢመጣ፥ ቁስሉ ቢያዥ፥ ወይም ባት ቢያብጥና ቢያም ወደ ሐኪም መሮጥ ይገባል፤ የኋለኛው በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት ምልክት ሊሆን ይችላልና። በዚህም ምክንያት ወዲያው ወደ አሶሳ አልተመለስሁም፤ በዘመድ ቤት ሦስት ሳምንት ቆየሁ።

2ኛ/ እስከ ስድስት ሳምንት በምርኩዝ መራመድን፥ ጉልበትን ቀስ በቀስ ማጠፍን ተማርሁ። ቤቴ ስደርስ ባለቤቴና ልጆቼ አዘጋጅተው ቆይተውኛል። የአሶሳ ቀርከሃ ውስጡ ድፍን ያህል ስለሆነ ጽኑ ነው፤ ከእርሱ በግቢው ውስጥ ሁለት መደገፊያ አጋድመው ተክለው ነበር፤ በመካከሉ እየተራመድሁ እግሬን አስለመድሁ። በርጩማው ተነሥቶ ከፍ ያለ ወንበር ቀረበልኝ። ቁጢጥ ማለት ስለማይቻለኝ፥ አንድ አናጢ መቀመጫው የተቀደደ ወንበር ለመጸዳጃ ቤት ሠራልኝ። ይህን ነገር ጽፎ የሚነግር ጥቂት ነው፤ ለሕመምተኛ ክብር ግን ከመድኃኒቱ የማያንስ ነው።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ቁስል ለመዳን፥ ጡንቻም ለመመለስ ገንቢ ምግብ ይሻል፤ ቤተ ክርስቲያንም ሕሙማንን በጾም አታስገድድም። እኔ ለንስሐ አባቴ ነግሬ በምክራቸው ሄድሁ። በጾሙ ለጸና ሰውም ምስር፥ ባቄላ፥ አተር፥ ሽሮና በአገራችን የሚበቅለው ሰሊጥ ጥሩ ምግቦች ናቸው። በስቅለት ዕለት ግን ሌላው ሲሰግድ እኔ በወንበር ተቀምጬ ራሴን ብቻ ዝቅ አደርግ ነበር። የንስሐ አባቴ «ልጄ፥ ዘንድሮ ስግደትህ መታገሥህ ነው» አሉኝ። ከአንድ ሺህ ስግደት ይልቅ ያ መቀመጥ ከብዶኝ ነበር።

3ኛ/ ከሁሉ የሚያሠጋው ሁለተኛውና ሦስተኛው ወር ነው። የተተከለው ጅማት ከስፍራው ሲነሣ የደም ሥሩ ይቋረጣል። ስለዚህ በአዲሱ ስፍራው መጀመሪያ እየደከመ ይሄድና ኋላ አዲስ የደም ሥር እየገባበት ቀስ በቀስ ይጸናል፤ ይህም ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል። የማንጎ ችግኝ ነቅሎ የተከለ ሰው ያውቀዋል፤ ሥሩ እስኪይዝ ድረስ ቅጠሉ ይጠወልጋል። የጉልበት ነገር ግን ከችግኝ ይለያል፤ ጅማቱ በውስጥ ሲጠወልግ ከውጭ ሰውየው ይለመልማል። ሕመሙ ይጠፋል፥ እብጠቱ ይጎድላል፥ ምርኩዙ ይጣላል። ብዙ ወጣቶችን ያሳታቸው ይህ ነው።

በግንቦት መጀመሪያ ዝናብ በጣለ ጊዜ እኔ ደኅና ነበርሁ፤ ጓሮውም ለበቆሎ መቆፈር ነበረበት። ባለቤቴ ዶማውን ቀድማ አንሥታ ደበቀችና «ዘንድሮ በቆሎ ባንዘራ ከገበያ እንገዛለን፤ ጉልበት ግን ከየት ይገዛል?» አለችኝ። ይህን የሰሙ የጎረቤታችን የበርታ ሽማግሌ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ልከው ጓሮውን አስቆፈሩልን። ላመሰግን ብል «አላህ ያሽርዎ፥ መምህር፤ እርስዎ ልጆቻችንን አስተማሩ፥ ልጆቻችን ደግሞ አፈር ቢቆፍሩልዎ ምን አለበት?» አሉኝ። እንዲህ ያለ ጎረቤት ከሌለ አንድ ቤት ብቻውን የዓመት ትዕግሥት አይችልም።

4ኛ/ ከአራተኛው ወር እስከ ዘጠነኛው ያለው ጊዜ ጡንቻን የማበርታት ነው። ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፥ ደረጃ መውጣት፥ በአንድ እግር መቆም፥ ኋላም በለስላሳ ሜዳ ሶምሶማ መሮጥ በየተራ ይመጣሉ። ኳስን ወደሚመስል፥ መዞርና መዝለል ወዳለበት ጨዋታ የሚመለስ ሰው ቢያንስ ዘጠኝ ወር መጠበቅ አለበት፤ የጭኑም ጡንቻ ከጤነኛው እግር ጋር ሊተካከል ይገባል። በኖርዌይ አገር የተደረገና በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፥ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ ወደ ጨዋታ መመለስ በዘገየ በእያንዳንዱ ወር እንደገና የመጎዳት አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። አንድ ወር መታገሥ ይህን ያህል ዋጋ ካለው፥ ልጁን «ተነሥ፥ ድነሃል፥ አትስነፍ» የሚል አባት ምን እንደሚያደርግ ይመልከት።

እውነቱን ለመናገር፥ የተጠገነ ጉልበት ሁሉ እንደ ቀድሞው አይሆንም። ቀዶ ጥገና ተደረገም አልተደረገ፥ እንዲህ የተጎዳ መገጣጠሚያ ካልተጎዳው ይልቅ በኋለኛው ዘመን ቶሎ የመበላት ዕድል አለው። ስለዚህ የጡንቻ እንቅስቃሴና ያልከበደ ሰውነት የዕድሜ ልክ ጥበቃ ናቸው። እኔ በ2016 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት፥ ከቀዶ ጥገናው ከዓመት በላይ ቆይቼ፥ ምንጣፍ አንጥፌ በሐኪሜ ፈቃድ ሰገድሁ፤ በቍጥር ግን ከሌላው አነስሁ።

የመጨረሻው ነገር ለወላጆችና ለመምህራን ነው። ከመጠገን መጠበቅ ይቀላል። በኖርዌይ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 የሆኑ 1892 ልጃገረዶች የተካፈሉበት፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የታተመ ጥናት፥ ከጨዋታ በፊት ሃያ ደቂቃ ያህል ሥርዓት ባለው ማሟሟቂያ የጀመሩት ቡድኖች ጉዳታቸው በሲሶ ያህል አንሶ መገኘቱን ገልጧል። ማሟሟቂያውም ቀስ ያለ ሩጫ፥ የጭንና የሆድ ጡንቻን ማጠንከሪያ፥ ዘልሎ ጉልበትን አጥፎ በቀስታ ማረፍ ነው። በአንድ ዓይነት ጨዋታ ሴቶች ልጆች ከወንዶች ይልቅ ለዚህ ጉዳት የተጋለጡ ስለሆኑ ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል። ገንዘብ አያስወጣም፥ ሜዳና የመምህር ትጋት ብቻ ይበቃዋል። አሁን በትምህርት ቤታችን ኳስ የሚሰጠው ይህ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ተማሪዎቼ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ዛሬ ግን እኔ ብዘገይ እንኳ ራሳቸው ተሰልፈው ይጀምራሉ።